ቶምና ጄሪን የሠሩ እጆች ፍሊንትስቶንስን ለምን እንዲያ ሠሩት?

ጥያቄው፦ «ከ8 ዓመት ልጄ ጋር ፍሊንትስቶንስ የሚባለውን የድንጋይ ዘመን ቤተሰብ ካርቱን እያየን ነው። ዋናው ገጸ ባህርይ ፍሬድ በሮጠ ቁጥር ከኋላው ያው ቤት፣ ያው ዛፍ፣ ያው ድንጋይ ተመላልሶ ያልፋል። ልጄ ‹እማዬ፣ ይሄ ቤት አሁን አላለፈም እንዴ?› ስትለኝ መልስ አጣሁ። ሲያወሩ ደግሞ አፋቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቶምና ጄሪን የሠሩት ሰዎች ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው? ከሆነ ለምን እንዲህ ወረዱ? ስቱዲዮውስ አሁን አለ?»

እህቴ፣ ልጅሽ ጥሩ ዓይን አላት። ብዙ አዋቂ ዕድሜውን ሙሉ አይቶት ልብ ያላለውን ነው የያዘችው። እኔ የምተዳደረው በአኒሜሽን ሥራ ስለሆነ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። በአጭሩ ለመመለስ፣ አዎ፣ እነዚያው ሰዎች ናቸው። «ወረዱ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ነገሩ ረዘም ስለሚል ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ዊሊያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተገናኙት በ1937 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ኤምጂኤም የሚባለው ትልቁ የፊልም ስቱዲዮ ነው። ባርቤራ የኒውዮርክ ልጅ ነው። ባንክ ቤት እየሠራ በጎን ለመጽሔቶች ካርቱን ይሸጥ ነበር። እጁ ፈጣን፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ሐና ደግሞ ከኒው ሜክሲኮ የመጣ፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ነው። የእሱ ችሎታ ጊዜ አጠባበቅ ላይ ነበር። ቶም ከጣሪያ ወድቆ መሬት እስኪነካ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ነጠላ ምስል፣ ይፈጃል? ከዚያ ስንት ፍሬም ዝም ብሎ ይቆያል? መቼ ይጮኻል? ይህን የሚወስነው ሐና ነው። ያ ሁላችንም የምናውቀው የቶም ጩኸትም የሐና የራሱ ድምፅ ነው።

የመጀመሪያውን የድመትና የአይጥ ፊልም በ1940 አወጡ። ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ያህል ሌላ ሥራ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። 114 አጫጭር ፊልም ሠሩ፤ 7ቱ ኦስካር አገኙ። ሽልማቱን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው ግን የክፍሉ ኃላፊ ፍሬድ ኩዊምቢ ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። አንድ የቶምና ጄሪ ፊልም 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያ ማለት ከ10,000 ፍሬም በላይ ነው። ሁለቱ እንስሶች ለየብቻ ስለሚሣሉ ለአንድ ፊልም ወደ 14,000 ሥዕል ይደርስ ነበር። ሁሉም በእጅ ይሣላል። ከዚያ ሴል በሚሉት ብርሃን አስተላላፊ ስስ ፕላስቲክ ላይ በቀለም ይገለበጣል፤ ከዚያ አንድ በአንድ በካሜራ ይነሣል። በዚህ አሠራር በ17 ዓመት የሠሩት ሁሉ ቢደመር ወደ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ሙሉ የሥራ ዕድሜ ሄዶበት ከጠዋት እስከ ማታ ታይቶ ያልቃል።

ሲኒማ ቤት ይህን ወጪ የሚችለው ሕዝቡ በገፍ ትኬት እየቆረጠ ሲገባ ነው። በ1950ዎቹ ግን አሜሪካዊው ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱ መቀመጥ ጀመረ። የኤምጂኤም የሒሳብ ሰዎችም አንድ ነገር አስተዋሉ። የቆዩትን የቶምና ጄሪ ፊልሞች መልሶ ማሳየት አዲስ ከመሥራት ጋር የሚቀራረብ ገቢ ያስገኛል። ታዲያ አዲስ ለምን ይሠራል? በ1957 የካርቱን ክፍሉ እንዲዘጋ ተወሰነ። መርዶው የደረሰው በስልክ ነው። ሁለቱም በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ የቤተሰብ ኃላፊዎች ናቸው፤ ከነሠራተኞቻቸው ጎዳና ላይ ወጡ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከፊልም ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሲድኒ ጋር ተሻርከው የራሳቸውን ድርጅት፣ ሐና ባርቤራን፣ አቋቋሙ። ስክሪን ጄምስ የተባለው፣ የኮሎምቢያ ፊልም ኩባንያ የቴሌቪዥን ክንፍ፣ ገንዘብና ስርጭት ሊሰጣቸው ተስማማ። በጀቱ ግን ያስደነግጣል። የ5 ደቂቃ ክፍል በ3,000 ዶላር ገደማ ሠርታችሁ አምጡ ተባሉ። በኤምጂኤም ለአንድ ቶምና ጄሪ የሚወጣው ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «በቃ፣ አይሆንም» ብሎ ይተወው ነበር። እነሱ ቁጭ ብለው የትኛው ሥዕል ቢቀር ታሪኩ ሳይጎዳ ይሄዳል ብለው መረመሩ። 14,000 የነበረው የ7 ደቂቃ ሥዕል ወደ 2,000 አካባቢ ወረደ።

እንዴት? አሁን ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና የእነሱኑ ካርቱን ዮጊ ድቡን ክፈቺ። ድብ ነው፤ ልብስ የለውም። አንገቱ ላይ ግን ኮሌታና ክራቫት አለ። ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሰውነቱ አንድ ሴል ላይ ነው፣ ጭንቅላቱ ሌላ ሴል ላይ። ኮሌታው መገጣጠሚያውን ይሸፍናል። ዮጊ ቆሞ ሲያወራ ሰውነቱ አንዴ ይሣልና ንክች አይልም። የሚቀየረው ጭንቅላቱ ነው፤ አንዳንዴም አፉ ብቻ። አፉም ቢሆን በተቆጠሩ ቅርጾች ነው የሚሠራው፤ ለ«አ» አንድ፣ ለ«ኦ» አንድ፣ ከንፈር ለሚገጥምባቸው ድምፆች አንድ እያለ ይቀጥላል። እነዚያው ቅርጾች እየተፈራረቁ ማንኛውንም ንግግር ይሸፍናሉ። ሥራው ከፊደል ለቅሞ ቃል እንደመመሥረት ነው።

ፍሬድም ያው ነው፤ ክራቫቱን እዪለት። አፉ ዙሪያ ያለው የጢም ጥላም አፉን ከቀረው ፊት ለይቶ ለማንቀሳቀስ ያመቻል። ሲሮጥ እግሮቹ የሚሠሩት በጣት በሚቆጠሩ ሥዕሎች ነው፤ ተመልሰው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ከኋላው ያለው ሥዕል ደግሞ ረጅም ወረቀት ላይ የተሣለ መንደር ነው። ጫፍና ጫፉ እንዲገጥም ተደርጎ ስለተሣለ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ልጅሽ ትክክል ናት፤ ቤቱ አልፏል። እንደገናም ያልፋል።

ከሁሉም የምወደው ብልሃታቸው ግን ግጭት ሲሠሩ ነው። ፍሬድ ወደ ግድግዳ እየበረረ ከስክሪኑ ይወጣል። አንቺ የምታዪው ባዶ መንገድ ነው። ድው! የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ፍሬድ ተጨፍልቆ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ግጭቱን ማንም አልሣለውም። ጭንቅላታችን ውስጥ ነው የተሣለው፤ ያሣለው ደግሞ ድምፁ ነው። በቶምና ጄሪ ዘመን ያ አንድ ግጭት ብቻውን አንድ ሠዓሊ ቀናት ይወስድበት ነበር።

እኔ «አልወረዱም» የምለው ለዚህ ነው። ሥራው አልቀነሰም፤ ቦታ ቀየረ። ከሠዓሊው እጅ ወደ ተዋናዩ ጉሮሮ፣ ወደ ጸሐፊው ብዕርና ወደ ነዳፊው ቅርጽ ሄደ። ኤድ ቤኔዲክት የተባለው ነዳፊ ፍሬድንና ዮጊን ሲቀርጽ መስመሩ ጥቂት፣ ቅርጹ ግን ከሩቅ የሚለይ እንዲሆን አድርጎ ነው። ቆሞ እንኳ የሚያስቅ ቅርጽ ያስፈልግ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማላ!

ድምፁ ላይ ደግሞ ዶስ በትለርና ዶን ሜሲክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ግማሽ ስቱዲዮ ናቸው። ዮጊ በትለር ነው፤ ጓደኛው ትንሹ ድብ ቡቡና የፓርኩ ጠባቂ ስሚዝ ሁለቱም ሜሲክ ናቸው። ሥራቸው በከንቱ አልቀረም። በ1957 መጨረሻ «ራፍ ኤንድ ሬዲ» ኤንቢሲ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጀመረ፤ በ1958 «ሃክልቤሪ ሃውንድ» ተከተለ። ይህኛው በ1960 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የካርቱን ተከታታይ ሆነ። ዮጊ ብቅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከዋናው ገጸ ባህርይ ከሃክልቤሪ በልጦ ተወደደና በ1961 የራሱ ዝግጅት ተሰጠው።

ፍሊንትስቶንስ ከዚህ ሁሉ የሚለየው ለልጆች ተብሎ ስላልተሠራ ነው። ይህን ልብ በይልኝ። ማታ፣ አባት ከሥራ ገብቶ እራት በልቶ በሚቀመጥበት ሰዓት እንዲታይ ነው የታሰበው። መነሻው «ሃኒሙነርስ» የሚባል በሰው የተሠራ የባልና ሚስት አስቂኝ ድራማ ነበር። ባርቤራ የሥዕል ሰሌዳዎቹን ተሸክሞ ኒውዮርክ ሄደና 8 ሳምንት ያህል ከአንዱ ስፖንሰር ወደ ሌላው ተንከራተተ። የሁሉንም ገጸ ባህርይ ድምፅ እያወጣ፣ እየዘለለ፣ እየወደቀ ያሳያል። ሰው ይስቃል፤ የሚገዛ ግን የለም። የግማሽ ሰዓት ካርቱን በማታ ሰዓት ማን ያያል? በመጨረሻ ኤቢሲ ወሰደው። መጀመሪያ «ፍላግስቶንስ» ነበር የሚባለው። በሌላ የጋዜጣ ካርቱን ውስጥ ያ የቤተሰብ ስም ስላለ ተቀየረ።

መስከረም 30 ቀን 1960 ጀመረ፤ እስከ 1966 በ6 ዙር 166 ክፍል ተሠራለት። ያንን ሒሳባችንን አስታውሺ። 17 ዓመት 14 ሰዓት፤ አሁን በ6 ዓመት 70 ሰዓት ገደማ፣ ያውም ከአንድ ተከታታይ ብቻ። በድሮው አሠራር ይህ ፈጽሞ የማይታሰብ ነበር። እስከ ሲምፕሰንስ ድረስ በማታ ሰዓት ይህን ያህል የቆየ ካርቱን አልነበረም።

ድምፅ ለእነዚህ ሰዎች ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። የፍሬድ ጎረቤትና ጓደኛ የባርኒ ድምፅ ሜል ብላንክ ነው፤ በግሩም ችሎታው በአሜሪካ አቻ ያልነበረው ሰው። በጥር 1961 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ራሱን ስቶ ቆየ። ለጥቂት ክፍሎች ዶስ በትለር ተካው። ብላንክ እንደነቃ ግን መሣሪያውን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ። ሰውነቱ በጄሶ ተጠቅልሎ በጀርባው ተኝቶ እያለ ማይክ ከበላዩ ተንጠለጠለለት፤ ሌሎቹ ተዋናዮች አልጋውን ከብበው ክፍሉን ቀዱ። ባርኒ በእነዚያ ክፍሎች ሲስቅ የሚስቀው ያ ሰው ነው። በአንድ ሥዕል ላይ ቆሞ የሚያወራ ገጸ ባህርይ ሕይወት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የጸሐፊዎቹንም ድርሻ አትርሺ። የፍሬድ ሚስት ዊልማ ቤት ስትጠርግ መጥረጊያዋ የማሞዝ ኩምቢ ነው። ሙዚቃ ስታጫውት መርፌው የወፍ መንቁር ነው። ወፏ ወደ እኛ ዞራ «ኑሮ ነው እንግዲህ» ዓይነት ነገር ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። ያ ቀልድ ሥዕሉ ባይንቀሳቀስም ይሠራል።

ለአዋቂ መሠራቱ ግን ሌላም ጎን አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስፖንሰሩ ዊንስተን ሲጋራ ስለነበር ፍሬድና ባርኒ ሲያጨሱ የሚታዩበት ማስታወቂያ ነበረው። በ1963 የተወለደችው የፍሬድ ልጅ ፔብልስም መጀመሪያ ወንድ እንድትሆን ነበር የታሰበው። የአሻንጉሊት ኩባንያ ሰው ሴት ብትሆን አሻንጉሊቷ ይሸጣል ብሎ ሴት እንደሆነች በስቱዲዮው ታሪክ ውስጥ በሰፊው ይተረካል።

በ1962 የወጣው «ጄትሰንስ» የፍሊንትስቶንስ ግልባጭ ነው። የድንጋይ ዘመኑን ቤተሰብ ወደፊት ወስዶ ሰማይ ላይ ሰቀለው። መጀመሪያ 24 ክፍል ብቻ ነው የተሠራው፤ በድጋሚ ስርጭት ነው የተወደደው። በ1964 «ጆኒ ክዌስት» መጣ። በ1966 መጨረሻ ታፍት የተባለ የብሮድካስት ኩባንያ ስቱዲዮውን በ12 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ሁለቱ መሥራቾች ግን ሥራውን መምራት ቀጠሉ።

ወደ ስኩቢ ዱ እንምጣ፤ ለልጅሽ በጣም የሚሆናት እሱ ይመስለኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቅዳሜ ጠዋት ካርቱን በድብድብ ተሞላ። የሐና ባርቤራ የራሳቸው ጀግኖችም እዚያ ውስጥ አሉበት። ወላጆች ተቆጡ፤ በተለይ ሮበርት ኬኔዲ በ1968 ከተገደለ በኋላ ጩኸቱ በረታ። የሲቢኤሱ የልጆች ፕሮግራም ኃላፊ ፍሬድ ሲልቨርማን ድብድብ የሌለበት ነገር ፈለገ። ጆ ሩቢና ኬን ስፒርስ የተባሉ ጸሐፊዎች እንቆቅልሽ የሚፈቱ ወጣቶችንና ውሻቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ቅጂ ለልጅ ያስፈራል ተብሎ ወደቀ። ሲልቨርማን አውሮፕላን ውስጥ የፍራንክ ሲናትራን ዘፈን ሲሰማ ዘፋኙ መጨረሻ ላይ «ዱቢ ዱቢ ዱ» ሲል ሰማ፤ ለውሻው ስም ከዚያ ወጣ። ውሻውንም ወደ ፊት አመጡት፤ ፍርሃቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ። መስከረም 13 ቀን 1969 ተጀመረ።

ውሻውን የነደፈው ኢዋኦ ታካሞቶ ነው። ሎስ አንጀለስ የተወለደ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ማንዛናር በተባለው የእስር ሰፈር ታጉሮ ነበር። ሥዕል የተማረውም እዚያው አብረውት ከታሰሩ ሰዎች ነው። ስኩቢን ሊነድፍ ሲነሣ ግሬት ዴን የሚባለውን የውሻ ዘር የምታራባ ባልደረባውን ምርጥ ግሬት ዴን ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቃት። ነገረችው፦ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ቀጥ ያለ እግር፣ ትንሽ አገጭ። ሁሉንም ገልብጦ ሣለው። ጀርባው ዘመመ፣ እግሩ ተንጋደደ፣ አገጩ ተደራረበ። ፈሪነቱ ገና ሳይናገር ከቁመናው ይታያል። ሲናገር ደግሞ ዶን ሜሲክ ነው።

«ወረዱ» የምትለው ነገር ካለ፣ እኔ የማስቀምጠው ከዚህ በኋላ ነው። ስኩቢ ሲያሸንፍ ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ «እሱን የመሰለ አምጡልን» አሉ። ስቱዲዮውም አመጣ። ወጣቶችና የምትናገር መኪና፣ ወጣቶችና መንፈስ አዳኝ ውሻ፣ ወጣቶችና ከበሮ የሚመታ ሻርክ። ያው አሯሯጥ፣ መጨረሻ ላይም ያው የወንጀለኛ ጭምብል ገፈፋ። ብዛቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ሥዕሉ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ታይዋንና ወደ ሌሎች አገሮች መላክ ጀመረ። የሎስ አንጀለስ ሠራተኞች በ1979ና በ1982 የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ የሁለተኛውን ተሸነፉ። የሥዕል ቁጠባው በ1958ም ነበር፤ ዮጊን አልጎዳውም። በ1970ዎቹ የጎዳቸው ጸሐፊው የሚያስብበት ጊዜ ማጣቱ ነው። ጥቂት ሥዕል ያለው ካርቱን ጥሩ ጽሑፍ ካጣ የሚደገፍበት የለውም።

በ1981 የቤልጅየማዊውን የካርቱን ሠዓሊ የፔዮን «ስመርፍስ» ወደ ቴሌቪዥን አምጥተው እንደገና አንሠራሩ፤ እስከ 1989 ቆየ። በ1991 ቴድ ተርነር ከሸሪክ ጋር ሆኖ ስቱዲዮውን በ320 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ተርነር የኤምጂኤምን የቆዩ ፊልሞችም ገዝቶ ስለነበር ቶምና ጄሪ ከፍሬድና ከስኩቢ ጋር አንድ ቤት ገቡ። ጥቅምት 1 ቀን 1992 ካርቱን ኔትወርክ የተከፈተው በዚህ ክምችት ነው። ከዚያ ለወጣት ሠዓሊዎች የ7 ደቂቃ ሙከራ እንዲሠሩ ዕድል ተሰጠ። «ዴክስተርስ ላቦራቶሪ»፣ «ጆኒ ብራቮ» እና «ፓወርፓፍ ገርልስ» የወጡት ከዚያ ነው።

አንድ ጎራ ብዬ የምለው አለኝ። ቶምና ጄሪ እኛ ሰፈር ድረስ ገብቶ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉንም ያሳቀው፣ ፍሊንትስቶንስ ግን ያን ያህል ያልገባው ለምን ይመስልሻል? አንድ ምክንያት ይታየኛል። ቶምና ጄሪ አያወሩም። በዲሽ በየትኛውም አገር ቻናል ቢመጣ ቋንቋ አይጠይቅም። ፍሊንትስቶንስ ግን ግማሽ ነፍሱ ንግግሩ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ካልገባሽ፣ ወይም ትርጉሙ ደካማ ከሆነ፣ የሚቀርሽ ያ ተመላላሽ ቤት ብቻ ነው። አገራችን ውስጥ አኒሜሽን የጀመሩ ልጆችን ሁሌ የምመክራቸው ይህንኑ ነው፦ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ድምፁን ጥሩ አድርጋችሁ ቅዱ።

ስቱዲዮው አሁን አለ ወይ ላልሽው፣ በድሮው መልኩ የለም። ተርነር በ1996 ከታይም ዋርነር ጋር ተዋሃደ። ሐና በመጋቢት 2001 በ90 ዓመቱ አረፈ፤ በዚያው ዓመት ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ አኒሜሽን ውስጥ ገባ። ባርቤራ እዚያው እየሠራ ቆይቶ በታኅሣሥ 2006 በ95 ዓመቱ አረፈ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንኳ አንድ አዲስ የቶምና ጄሪ አጭር ፊልም ላይ እጁ ነበረበት። አዲስ ስኩቢ ዱ ዛሬም የሚያወጣው ዋርነር ነው። ስሙ ደግሞ በ2021 ለንደን ላለው እህት ስቱዲዮ ተሰጥቷል፤ «ሐና ባርቤራ ስቱዲዮስ ዩሮፕ» ይባላል።

ለልጅሽ ከ1969 የስኩቢ ክፍሎች ብትጀምሪላት እመርጣለሁ። ፍሊንትስቶንስን ማየት ከቀጠላችሁ ደግሞ ንግግሩን እየተረጎምሽላት እዩ፤ የማሞዙና የወፏ ነገር ያለ ትርጉም ያመልጣታል። ቤቱንም ስንት ጊዜ እንዳለፈ ትቁጠር፤ ከዚያ የራሷን መንደር ጫፍና ጫፉ በሚገጥም ረጅም ወረቀት ላይ እንድትሥል አድርጊ። ጫፎቹን አጣብቃችሁ በሁለት ጠርሙስ ላይ ካዞራችሁት ይሠራል።